የአባ እህ መልስ

በዚህ ለቆማችሁ ሁሉ፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ልጄን ለሸኛችሁ፣ ዜና ሕይወታቸውን እኔ እንዳነብ የቤተሰቡ ታላላቆች ወስነዋል። ንግግር የማይሆንልኝ ሰው መሆኔን የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። በሕይወት ሳሉ አንቺ እንጂ አንቱ ብያቸው አላውቅም፤ ሆኖም እንዲህ ባለ ቦታ በአንቱ ይነበባል ስላሉኝ እንደዚያው አደርጋለሁ። ጽሑፉ ከእኔ አፍ የወጣ ነው። ዓይኔ ደክሟል ስላልኳት የልጅ ልጄ እንደ መጽሐፍ ፊደል በትልልቁ ጽፋልኛለች። ያልገባኝን የገባኝ አስመስዬ አላነብም፤ ያልገባኝም ብዙ ነው።

ልጄ የተወለዱት ከአርባ አንድ ዓመት በፊት፣ ጎርፉ ድልድዩን በወሰደው ክረምት ነው። አዋላጇ ወንዙን መሻገር አቅቷት ከማዶ እየጮኸች ስታዝ፣ እቤት ውስጥ ደግሞ የጎረቤት ሴት የታዘዘችውን ስትፈጽም፣ እኔ በወንዙና በቤቱ መካከል እየሮጥኩ ቃል ሳቀብል ተወለዱ። እናታቸው “ያን ቀን የተናገርከውን ያህል ከዚያ ወዲህ ተናግረህ አታውቅም” ትላለች። እውነቷን ነው።

ትምህርት ቤት በሰባት ዓመታቸው ገብተው በሒሳብ ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ዘለቁ። በቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበሩ፤ በማሳ ላይ ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። የወንድሞቼን ልጆች ይዘው አረም ሲያርሙ፣ አጎንብሰው እያረሙ ሳለ ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አሁን ወንዝ ዳር ናችሁ፣ ድልድዩ የለም፣ ከኋላችሁ ሰዎች እየመጡባችሁ ነው፤ ምን ታደርጋላችሁ?” ይሏቸዋል። በዚህ ጊዜ ልጆቹ ሁሉ ቀና ይላሉ። አንዱ “እዋኛለሁ” ይላል፣ ሌላው “ዛፍ ቆርጬ አጋድማለሁ” ይላል፣ ትንሿ “ሰዎቹ ስንት ናቸው? ውሻ አላቸው?” ትላለች፤ ልጄም ለሁሉም መልስ አላቸው፣ ለውሻው ሳይቀር። እኔ ከማሳው ጫፍ ሆኜ “አረሙን ነው የምታደርጉት!” ብዬ እጮህባቸው ነበር። አንድ ዓመት አረሙ ከእህሉ በልጦ እንደነበር አልክድም።

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው አንድ ደብተራቸውን ከዘር ጆንያ ውስጥ አገኘሁ። ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ጽሕፈት የተሞላ ነበር፤ በመሃሉ የወንዝ፣ የተራራና የመንገድ ሥዕል አለበት። “ይህ ምንድን ነው?” አልኳቸው። “አገር ነው” አሉኝ። “የት ያለ አገር?” አልኩ። “የሌለ አገር” አሉኝ። ደብተሩን እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ልጄ አላለቀሱም፤ ሽፋኑ እስኪጠቀለል ቆመው አዩና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔና እሳቸው ከሰላምታ፣ ከዝናብና ከከብት ውጭ አውርተን አናውቅም። ይህን እዚህ የማነሳበትን ምክንያት ወደ ኋላ እናገራለሁ።

በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ወደ ከተማ ሄደው የቴክኒክ ትምህርታቸውን በማዕረግ ከፈጸሙ በኋላ፣ በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት የቆጣሪ ጥገና ክፍል ተቀጥረው እስከታመሙበት ጊዜ ድረስ አሥራ ስምንት ዓመት አገልግለዋል። አንድ ጊዜ ሄጄ ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ። ክፍሉ ረጅም ነው፤ በመስኮቱ ሥር የእንጨት ጠረጴዛ፣ በላዩ የተፈቱ ቆጣሪዎች፣ ጥቃቅን ጥርሳም መዘውሮች በሣህን ተደርድረዋል። ልጄ ካቻቢቴያቸውን ከጆሯቸው ላይ እንደ እርሳስ ሰክተው፣ ቆጣሪውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ውሃ ሲያልፍበት ያዳምጣሉ፤ የትኛው ጥርስ እንደተበላም ሳይከፍቱት ይናገራሉ። አለቃቸው “እኛ እንፈታለን፣ እሷ ትሰማለች” አለኝ። “እህ” አልኩት። ኮርቻለሁ፤ ግን ያልኩት ይህንኑ ነው።

በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው የክፍሉን መብራት ሊጠግን ከመጣው ኤሌክትሪሽያን ጋር ተዋውቀው ተጋቡ። በሠርጋቸው ዕለት አዝመራ ስለነበረ ጠዋት ደርሼ ከሰዓት ተመለስኩ። ሁለት ዓመት ቆይተው ይህችን እዚህ የቆመችውን፣ ዛሬ አሥር ዓመት የሆናትን ልጃቸውን ወለዱ። ባለቤታቸው ደግ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ ከቤት ሲወጡ የት እንደሚሄዱ ያውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር፣ አልጠየቅሁምም።

ከዚህ በታች ያለውን የሰማሁት የሩቅ ዘመድ እስኪደርስ በጠበቅንባቸው በእነዚህ ሦስት ቀናት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች እያለቀሱ ወደ ቤት ገቡ። አንደኛው ከጥገና ክፍሉ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ሁለተኛዋ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ሦስተኛው የሒሳብ መምህር ነው። ሾፌሯ እጄን በሁለት እጇ ይዛ “አባባ፣ እግዜር ያጽናዎት፤ እንዴት ሆኑ?” አለችኝ። “እህ” አልኳት። በዚህ ጊዜ ሦስቱ ተያዩ። ልብስ ሰፊው አፉን በእጁ አፍኖ ሳቀ፤ ሾፌሯም እያለቀሰች ሳቀች፤ መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በልጄ ልቅሶ የሚስቅ ሰው በማየቴ ደሜ ፈላ። በትሬን ፈልጌ ስነሳ ሾፌሯ ጉልበቴን ይዛ፣ “አባባ፣ አይቆጡ፤ እኛ እርስዎን አሥራ አንድ ዓመት እናውቅዎታለን” አለችኝ። ሴትዮዋን በሕይወቴ አይቻት አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በልብስ ሰፊው ጓዳ፣ የጨርቅ ጣቃ በተደረደረበት መደርደሪያ መካከል፣ በትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ልጄ የልብስ ሰፊውን ጠፍጣፋ ጠመኔ ይወስዱና በጠረጴዛው ላይ መንገድ፣ ወንዝና ከተማ ይሥላሉ፤ ሲጨርሱ ልብስ ሰፊው በብሩሽ ይጠርገዋል። ሦስቱ እያንዳንዳቸው አንድ የሌለ ሰው ይሆናሉ፦ ልብስ ሰፊው አስማተኛ ነው፣ መምህሩ ማንንም የማይፈራ ጦረኛ ነው፣ በሃያ ዓመት አንድ ቀን ቀይ መብራት ጥሳ የማታውቀው ሾፌር ፈረስ ሌባ ናት። ልጄ ደግሞ የቀረውን ሁሉ ይሆናሉ፤ ንጉሡን፣ በረኛውን፣ ዝናቡን፣ ውሻውን። ልጄ “እዚህ ናችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?” ይላሉ፣ እነሱም ያሰኛቸውን ይላሉ፤ ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት፣ ሃያ ገጽ ያለው የዕጣ ጠጠር ይጣላል፤ በቂ ቁጥር ከወጣ የተባለው ይሆናል፣ ካልወጣ ሌላ ይሆናል።

“ማን ያሸንፋል?” አልኩ።

“ማንም” አለ ልብስ ሰፊው።

“ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?”

“አያልቅም፣ አባባ።”

“ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ምን ስታደርጉ ነበር?”

መምህሩ ራሱን አከከና “እ... እንኖር ነበር” አለኝ። ይህን መልስ እስካሁን እያላመጥኩት ነው፤ አልዋጥ ብሎኛል።

ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ ብዬ ጠየቅሁ፤ ሦስቱም እኩል “ሁለቱም” አሉኝ። ድካሙን ሲነግሩኝ ግን ጥቂት ገባኝ፤ እርሻ ይመስላል። ልጄ አንድ ወር ሙሉ ደክመው አንድ ቤተ መንግሥት ያዘጋጃሉ፤ ስንት በር እንዳለው፣ ጠባቂው የትኛው እግሩን እንደሚያመው፣ ንግሥቲቱ ምን እንደምትደብቅ ሁሉ ይጽፋሉ። እነዚህ ሦስቱ ግን ከበሩ ሳያልፉ፣ አንዲት ፍየል ይዞ ደጁ ላይ ከቆመ ነጋዴ ጋር ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ይከራከራሉ። እኔ ብሆን ጠረጴዛውን እገለብጠው ነበር። ልጄ ግን እስኪያለቅሱ ስቀው ቤተ መንግሥቱን ወደ ጎን ይተዉና፣ ለፍየሏ እዚያው በዚያው አባትና እናት፣ የጠፋች እህትና የቆየ በቀል ያበጁላታል። ያረስከው ማሳ ዝናብ ሲከለከል ዝናቡ የዘነበበትን ማሳ ማረስ ማለት ነው። ለአንድ ገበሬ ይህ ከባድ ነው፤ ልጄ በዚህ ይደሰቱ እንደነበር ግን ሦስቱም ይመሰክራሉ።

ሌላም ነገሩኝ። ሾፌሯ በባሕርይዋ አፈኛ ናት፤ ይህን ራሷ ነች ያለችኝ። መምህሩ ደግሞ ዓይን አፋር ነውና በመጀመሪያው ዓመት ተራው ሳይደርሰው ይመሻል። ልጄ ሾፌሯን ዝም በይ አላሏትም፣ መምህሩንም ተናገር አላሉትም። አንድ ቅዳሜ በጨዋታው ውስጥ አንዲት ወፍ መጣችና ዝም ባለ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አረፈች፤ ምሥጢርም ለእሱ ብቻ ነገረች። ከዚያ ወዲህ መንገዱን የሚያውቀው መምህሩ ሆነ፤ ሾፌሯም “ኧረ በፈጠረህ፣ ወፊቷ ምን አለችህ?” እያለች ትለምነው ጀመር። መምህሩም “ክፍል ውስጥ ሳልንተባተብ የማስተምረው ከዚያ ወዲህ ነው” አለኝ። በሌለች ወፍ ምላሱ መፈታቱ ግራ ገባኝ፤ ትከሻውን አየሁት።

ከዚያም ወደ እኔ ጉዳይ መጡ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስቱ መንገደኞች አንድ ማሳ ሲያቋርጡ፣ ልብስ ሰፊው “በማሳው ላይ ሰው አለ?” ብሎ ጠየቀ። ልጄ አላዘጋጁበትም ነበር። ጥቂት አስበው “አንድ ሽማግሌ ገበሬ አለ” አሉ። “እንዴት ዋሉ እለዋለሁ” አለ ልብስ ሰፊው። ልጄም አንድ ባርኔጣ ደፍተው ወደ ግንባራቸው ዝቅ አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጉንጫቸውን ከውስጥ እያኘኩ፣ “እህ” አሉ። ይህን ሲነግሩኝ ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ ለካ ጉንጬን እያኘኩ ነበር። ሽማግሌውን “አባ እህ” ብለው ሰየሙት። በሄዱበት ሁሉ ዞረው ዞረው ወደ እሱ ይመለሱ ነበር አሉኝ። ጋሪያቸው ጭቃ ሲይዘው በሬዎቹን አምጥቶ ጎትቶ አወጣላቸው፤ ወታደር ሲያሳድዳቸው በገለባ ክምር ውስጥ ደበቃቸው፤ ሲያመሰግኑትም “እህ” ብሎ ሄደ። እኔ ማንንም በገለባ ውስጥ ደብቄ አላውቅም። ልጄ ይህን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። “ክፉ ነው ደግ?” ብዬ ስለ ሽማግሌው ጠየቅሁ። ሾፌሯ ተቆጣችኝ። “አባባ! ስለ እሱ ብለን ሁለት ጊዜ ጦርነት ገብተናል!” አለችኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሕመሙ ሳይታወቅ፣ መንገደኞቹ በዚያ አገር ውስጥ የአባ እህን ሴት ልጅ በአንድ ከተማ አገኟት። ሴትዮዋም አባቷ በልጅነቷ የሠራችውን ካርታ እንዳቃጠለባት ነገረቻቸው። ሾፌሯ ያን ቀን ሌላውን መንገድ ሁሉ ትታ፣ ፈረስ ሰርቃ፣ ወደ ሽማግሌው ደጃፍ ጋለበች፤ ደርሳም “ለምንድን ነው ያቃጠልክባት?” ብላ ጠየቀችው። ልጄ ባርኔጣቸውን ዝቅ አደረጉ፣ እጃቸውን አጣመሩ፣ ከዚያም ዝም አሉ። የንጉሥ ኑዛዜና የፍየል የዘር ሐረግ ከአፋቸው እንደ ውሃ ይፈስ የነበረ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና “ይሄን እኔ መፍጠር አልችልም። ጠይቄው እመጣለሁ” አሉ። ያን ቅዳሜ ጨዋታው በዚያ ቆመ።

ልጄ በማግሥቱ እሑድ ደወሉልኝ። እሑድ ደውለው ስለማያውቁ አስታውሰዋለሁ። ዝናቡን ጠየቁኝ፤ ዘንቧል አልኩ። ከብቱን ጠየቁኝ፤ ደህና ነው አልኩ። “ሌላስ፣ አባዬ?” አሉኝ። “ሌላ ምንም” አልኩ። እሳቸውም አልዘጉ፣ እኔም አልዘጋሁ፤ እስትንፋሳቸው ይሰማኝ ነበር። ከዚያ “በል ደህና ዋል” አሉኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የኩላሊት ሕመም አደረባቸው። ባለቤታቸው ሳይሰለች አስታመማቸው፤ ሐኪሞችም የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። አቅም ባገኙ ቁጥር ከልብስ ሰፊው ጠረጴዛ አልቀሩም፤ ወንበራቸው ላይ ትራስ ይደረግላቸው ነበር። መንገደኞቹ በሌላ በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ልጄ ግን በየቅዳሜው ካርታውን ሲሥሉ በጠረጴዛው ጥግ አንዲት ትንሽ በር፣ ከበሩም ፊት የቆመች ፈረስ በጠመኔ ሳይሥሉ አይጀምሩም ነበር። ሾፌሯ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ደጅ ቆማለች ማለት ነው። በመጨረሻው ጊዜ እኔም መጥቼ ከአልጋቸው አጠገብ አራት ቀን ተቀምጫለሁ። አንድ ጊዜ “አባዬ” ብለው አፋቸውን ከፈቱ፤ ነርሷ መድኃኒት ይዛ ገባች፤ ነርሷ ስትወጣ ዓይናቸውን ከድነው ነበር። ምን ሊሉኝ እንደነበር አላውቅም። እኔም “ምን ልትዪኝ ነበር?” አላልኩም። ባለፈው ሰኞ ጠዋት አረፉ።

ትናንት ሾፌሯ አሥራ አንድ ደብተር በጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ የልጄ ደብተሮች ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ። “መልሱ እዚህ ውስጥ ካለ ብለን ገጽ በገጽ አየነው፤ የለም” አለችኝ። የሽማግሌው በር በተሣለበት ገጽ ላይ ጥያቄው ብቻ ተጽፏል፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ነው። “አባባ፣ መልስ ካለዎት ይንገሩን። ከሌለዎትም የለኝም ይበሉን። እንዲሁ ደጁ ላይ ቆመን መቅረት አልቻልንም” አለችኝ። “እህ” አልኳት። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ቀጥሎ ያለውን እናታቸውም አታውቀውም። ለልጅ ልጄ እንድትጽፍልኝ ስነግራት ብዕሯን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጻፈችው።

እኔ የተማርኩት አራት ዓመት ነው። የታተመ ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። የሰው እጅ ጽሕፈት ግን፣ ያውም እንዲያ የደቀቀ፣ ማንበብ አልችልም፤ ያን ጊዜም አልችልም ነበር። ያን ሰማያዊ ደብተር ሳገኝ ወደ ብርሃን ወስጄ ብዙ አገላብጬዋለሁ፤ አንዲት መስመር አልወጣልኝም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ የሚያውቁትን እኔ የቤቱ ጌታ አላውቅም። ከዚያ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ የሌለ አገር ነው አሉኝ። ማንበብ አለመቻሌን አውቀው የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ስለዚህ አቃጠልኩት። ስለ አረሙ አይደለም። ሥራ ፈትነት ነው ብዬም አይደለም። በቤቱ ያሉት ሁሉ ስለ አረሙ ነው ሲሉ ዝም አልኩ፤ ከእውነቱ ይህኛው ይሻለኝ ነበርና። ልጄ ግን ያሉኝ እውነቱን ነበር፤ በእርግጥ የሌለ አገር ነበር፣ በእርግጥም ሠርተውት ነበር። ያን እሑድ በስልክ ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ዓይኔም አልደከመም፤ ከዚህ ሆኜ ከማዶው ዛፍ ላይ ያለችውን ወፍ ለይቼ አያለሁ።

እንግዲህ አባ እህ እኔ ከሆንኩ መልሱ ይህ ነው። ሌላ ሰው ከሆነም ከእኔ ወስዶ ይመልስ። እሱ ማን እንደሆነ፣ እኔ ያልሠራሁትን ደግነት ለምን እንደሰጡት አሁንም አልገባኝም፤ ሾፌሯ ግን ከእንግዲህ ደጅ ላይ አትቁም፣ ትግባ።

ልጄ በአርባ አንድ ዓመታቸው ሲያርፉ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ የአሥር ዓመት ሴት ልጃቸውን፣ አሥራ ስምንት ዓመት አብረዋቸው የሠሩ ባልደረቦቻቸውን፣ በአንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ ዙሪያም ሦስት መንገደኞችን ትተው አልፈዋል። ልብስ ሰፊው ከዝርዝሩ እንዳይቀር ስላሳሰበኝ፣ በዚያ አገር አንድ ሽማግሌ ገበሬም ትተዋል፤ በሕይወት አለ ይሉኛል። አሥራ አንዱን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች።

ፈጣሪ የልጄን ነፍስ ከዚያ ማዶ ካሉት ደጋጎች ጋር ያሳርፍልን፤ ድልድይ በሌለበትም እሱ ራሱ ያሻግራቸው። እኛንም ያጽናን።